ለልጄ የኤዲኤችዲ መድኃኒት ልጀምርለት ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የ8 ዓመት ልጅሽ ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማድረግና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግርበት ሁኔታ) አለበት ተብሎ ሐኪሙ ሪታሊን አዞለታል፣ አክስቱ ደግሞ "ከአሁኑ ክኒን ካስለመድሽው ሲያድግ ሱሰኛ ይሆናል" ብላሻለች። እኔም ከ14 ዓመት በፊት እዚሁ ሜሪላንድ ይህንኑ ተብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ልጄን ሳላስጀምረው ቆየሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የፈራሁት በወንድሜ ነበር። አዲስ አበባ አብረን ነው ያደግነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም፣ ደብተሩ በየሳምንቱ ይጠፋል፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይመልሳል። አስተማሪ ያንበረክከዋል፣ ቤት ሲመጣ አባባ ይደግሙታል። ይመርመር ያለ ሰው አልነበረም፤ "ረባሹ" ነው የሚባለው። በ15 ዓመቱ ሲጋራ ጀመረ፣ ለማትሪክ ሲያጠና ደግሞ ጫት። አንድ ቀን ስቆጣው "ስቅም ብቻ ነው ጭንቅላቴ ዝም የሚልልኝ" አለኝ። ሰበብ መሰለኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ለኤዲኤችዲም የሚታዘዘው የአምፌታሚን ዘመድ እንደሆነ ያወቅኩት ልጄ ኤዲኤችዲ አለበት ከተባለ በኋላ ሳነብ ነው። ወንድሜ አንድም ቀን የኤዲኤችዲ ክኒን ሳይውጥ ነው ሱስ የያዘው።

ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ሲያድግ ለሲጋራም ለመጠጥም ለሌላውም ከእኩዮቹ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ይህን ማንም አይደብቅሽ። ግን መድኃኒቱ ነው ያመጣው የሚለው አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2013 15 ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በልጅነት መታከሙ የሱስን አደጋ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። በ2014 የወጣው የስዊድን ጥናት ደግሞ መድኃኒት ሲወስዱ የነበሩት ከ3 ዓመት በኋላ የሱስ ችግራቸው ካልወሰዱት በ31 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ከሱስ ያድነዋል ብለሽ አታስጀምሪው። ክፍል ውስጥ አስተማሪውን መስማት እንዲችል፣ ቀኑን ሙሉ "ተው! ተቀመጥ!" እየተባለ እንዳይውል ብለሽ አስጀምሪው።

የምግብ ነገር ያስቸግርሻል። የልጄ ምሳ ዕቃ ፍርፍሩ ሳይነካ ነበር የሚመለሰው። ጠዋት እንቁላልና ወተት አስቀድሜ፣ ክኒኑን ከዚያ ነው የምሰጠው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሲርበው ደግሞ እንደገና አበላዋለሁ። ቁመቱን፣ ክብደቱንና የደም ግፊቱን በየቀጠሮው ያዩለታል፣ ካላዩለት ጠይቂ። ወላጆችን የሚያሠለጥን ሰው ካለም ተመዝገቢ፣ እኔን ከክኒኑ እኩል ነው የረዳኝ።

መጠንቀቅ ያለብሽ ሃይስኩል ሲገባ ነው። ልጄን 16 ዓመቱ ላይ የክፍሉ ልጅ ለፈተና ሁለት ፍሬ ሽጥልኝ ብሎት መጥቶ ነገረኝ። መድኃኒቱ ያልታዘዘለት ሰው ሲወስደው፣ ወይም ከታዘዘው በላይ ሲወሰድ ሱስ ሊያስይዝ ይችላል። ክኒኑን ቆልፌ አስቀምጥና እሑድ እሑድ ቁጭ ብለን አብረን እንቆጥረው ነበር። ስለ መጠጥና ሲጋራም ያኔ ነው የምናወራው፣ የአጎቱንም ታሪክ ሳልደብቅ። አሁን 22 ዓመቱ ነው፣ ኮሌጅ ሊጨርስ ነው።

ከአክስቱ ጋር አትጣዪ። ስለምትወደው ነው የፈራችው። ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዘሻት ሂጂና ሐኪሙን ራሷ ትጠይቀው። እኔ እናቴን ይዣት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ የሚለውን ስተረጉምላት ዝም ብላ ቆይታ፣ በመጨረሻ የጠየቀችው ስለ ወንድሜ ነው።