መልስ፦ ጅቡቲ ላይ ያገለገለች ጀልባ በፎቶ ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ ለገሃር ቁጭ ብለህ ጅቡቲ ያለችን ጀልባ በፎቶ አትግዛ። ካቢኗ ቢያምርም ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናል።

መጀመሪያ ሞተሩ የተሰቀለበትን የኋላ ግድግዳ እይ። የሞተሩን እግር ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ስትነቀንቀው ግድግዳው ከተላወሰ፣ ውስጡ ያለው እንጨት ሳይበሰብስ አይቀርም። ቢረክስም ተዋት። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው፤ ጉዱ የሚታየው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው። መካኒክም የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን (ውስጡ ያለውን የእመቃ ግፊት) ይለካልህ። ጨው ሽቦ አይምርምና መስመሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ፈልግ።

ባሕር ላይ ሳትሞክራት ቀብድ እንዳትከፍል። ከዳር ርቀህ ዓሣ ለማጥመድ መጠባበቂያ ሞተር ያስፈልግሃል። ነዳጅ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ቀሪው ለክፉ ቀን።

ላንጋኖ አመጣታለሁ ያልከው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ውሃውን እየገፋ ጀልባዋን የሚያስኬደውን ፕሮፔለር መቀየርህ አይቀርም።