መካኒክነት ያበላል ወይ ለምትሉኝ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

መካኒክነት ያበላል ወይ፣ የጋራዥ ባለቤቶችስ እንደሚወራው ደህና ገንዘብ አላቸው ወይ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ስለፈጀሁ፣ መጀመሪያ በሰው ጋራዥ ኋላም በራሴ ስለሠራሁ፣ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። አዎ፣ ያበላል። ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ ከዚያም አልፈው ሀብት ያፈሩበት አሉ። ግን ብዙዎቻችሁ ገንዘቡን የምትፈልጉት የሌለበት ቦታ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ገንዘቡ ያለው እጅ ላይ ይመስላል። ቶሎ የሚፈታ፣ ቶሎ የሚያስር፣ ጉልበት ያለው ልጅ ብዙ ያገኛል ይባላል። ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ሸራ መለወጥ፣ ጎማ ማዟዟር ጋራዥን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሱ ሥራዎች ናቸው፤ አልንቃቸውም። ሆኖም ማንም ልጅ በጥቂት ወራት ስለሚለምዳቸው ሁሉም ይሠራቸዋል፣ ሁሉም ከሠራቸው ደግሞ ዋጋቸው ይወርዳል። ጥሩ የሚከፈለው ብልሽቱ የት እንዳለ ለሚያገኝ ሰው ነው።

አንድ የተለመደ ችግር ልውሰድ። መኪናዋ ማታ ደህና ቆማ ጠዋት አልነሳም ትላለች። ያልተማረው ልጅ ባትሪ ይቀይራል። ከሁለት ቀን በኋላ ተጎትታ ስትመጣ ዲናሞ፣ ማለትም ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ዕቃ፣ ይቀይራል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ደንበኛው የሁለት ዕቃ ዋጋ ከፍሏል፣ ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። የተማረው መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ያነሳል። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ከሆነ ዲናሞው በአብዛኛው ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው መኪናዋ ቆማ ሳለ ኤሌክትሪክ ወደሚስብ ነገር ይዞራል። ቁልፉን አውጥቶ፣ በሮቹን ቆልፎ፣ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ይጠብቃል፤ በአንዳንድ መኪና ይህ ብቻ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ ከባትሪው የሚወጣውን ከረንት ይለካል። በብዙ መኪና ከ50 ሚሊአምፔር ማለፍ የለበትም። 400 ካሳየው ፊውዝ መንቀል አይጀምርም፤ ፊውዝ ነቅሎ መመለስ የተኙትን ኮምፒውተሮች ይቀሰቅስበታልና። በእያንዳንዱ ፊውዝ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ጥቃቅን የቮልቴጅ ልዩነት እየለካ የሚስበውን መስመር ይለያል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው የኋላ ዕቃ መጫኛው ሲዘጋ የማይጠፋ መብራት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ መካኒኮች ገንዘባቸውን ይጥላሉ። ለዚህ ሁሉ ምርመራ ክፍያ መጠየቅ ያሳፍራቸዋል፤ በነፃ አይተው ትርፉን ከመለዋወጫ ለማካካስ ይሞክራሉ። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ምርመራው በነፃ የሆነበት ጋራዥ የሚኖረው ዕቃ በመሸጥ ስለሆነ፣ ውሎ አድሮ ያልተበላሸ ዕቃ መቀየር ይጀምራል። ለደንበኛው ገና ከመጀመሪያው «ለምርመራ ይህን ያህል ሰዓት አስከፍላለሁ፣ ያገኘሁትን አሳይሃለሁ፣ ከዚያ ትወስናለህ» ማለትን ልመዱ። ሰው የሚሸሸው ያልተነገረውን ሂሳብ ነው።

የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ስላለ ይህ ችሎታ አያስፈልግም የሚላችሁ ካለ አትስሙት። በአሜሪካ ከ1996 የሞዴል ዓመት ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የምርመራ ሶኬት እንዲኖራቸው ተደርጓል፤ አውሮፓም በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001 ጀምሮ ተከትሏል። መሣሪያው ዛሬ በየሰዉ እጅ ነው። ፒ0171 የሚል ኮድ ሲያወጣ የሚነግራችሁ ለሞተሩ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ነዳጁ እንዳነሰ ብቻ ነው። የተቀደደ የአየር ቱቦ ይሁን፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ይሁን፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ይሁን የሚለየው ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ጀማሪ ብሆን ከሞተር ማውረድ በፊት የኤሌክትሪክ ሥዕል፣ ማለትም ሽቦዎቹ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ንድፍ፣ ማንበብ እማር ነበር።

ተቀጥራችሁ ስትሠሩ የክፍያው ዓይነት ትልቅ ልዩነት አለው። አንዳንድ ቦታ ደመወዝ ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ የተወሰነ ሰዓት ተቀምጦለት በዚያ ይከፈላል፤ ፍሪሲዮን መቀየር 5 ሰዓት ተብሎ ከተያዘና በ4 ከጨረሳችሁ የ5 ይከፈላችኋል፣ 7 ከፈጀባችሁም የ5 ነው። ለፈጣንና ለልምድ ባለቤት ይህ መንገድ ከደመወዝ ይበልጣል። ለጀማሪ ግን ይከብደዋል፤ መኪና በማይመጣበት ሳምንትም ባዶ ኪስ ያስቀራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዙ አነስ ቢልም ተረጋግታችሁ የምትማሩበትን ምረጡ። መሣሪያ ደግሞ ሥራው ሲጠይቃችሁ አንድ በአንድ ግዙ፤ ገና ምንም ሳታገኙ በብድር ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን የሚገዛ ልጅ ደመወዙን ለቁልፍና ለካቻቪቴ ሲከፍል ይኖራል።

አሁን ወደ ጋራዥ ባለቤትነት ልምጣ፤ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ጎበዝ መካኒክ መሆንና ጋራዥ ማስተዳደር ሁለት ሥራዎች ናቸው። ባለቤቱ የሚሸጠው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ያህል ሦስት ሠራተኞች በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ቢሠሩ 144 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ደንበኛ የከፈለበት 60 በመቶው ብቻ ቢሆን ወደ 86 ሰዓት ነው። ኪራዩ፣ ደመወዙ፣ መብራቱ፣ ግብሩ በሰዓት ዋጋ ሲመነዘር 80 ሰዓት ቢበላ ለባለቤቱ የሚተርፈው የ6 ሰዓት ገቢ ነው። ያው ጋራዥ፣ በዚያው ሰው፣ የተሸጠውን ሰዓት ወደ 70 በመቶ ቢያደርሰው 100 ሰዓት ሸጦ 20 ይተርፈዋል። የባለቤቱ ድርሻ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ፤ ወጪው አልተነካም፣ አንድም ደንበኛ ዋጋ አልተጨመረበትም።

ታዲያ የጠፋው ሰዓት የት ይሄዳል? መኪናው ተፈትቶ መለዋወጫ በመጠበቅ ይሄዳል። ደንበኛው ስልክ እስኪያነሳና «ቀጥሉ» እስኪል ይሄዳል። ቦታው ያልተመለሰ የቡሎን መፍቻ ቡሶላ ሲፈለግ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ተሠርቶ የተመለሰ ሥራ ነው፤ በነፃ ትሠሩታላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሊገባ የነበረውንም ከፋይ መኪና ታስቀራላችሁ። በርካታ ጋራዦች ግቢያቸው በመኪና ተጨናንቆ እያለ የሚከስሩት በዚህ ነው። በዱቤ የወጣ መኪናም ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። የገባውን ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አድርጎ የሚያይ ባለቤት የመለዋወጫ ሻጩ ሂሳብ ሲመጣ ይደነግጣል። ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት የሰዓት መዝገብ መያዝ ጀምሩ፤ ብቻችሁን እየሠራችሁም ቢሆን።

ሰውነታችሁንም ከሂሳቡ አታውጡት። ገቢያችሁን የሚያመጣው ወገባችሁና ጉልበታችሁ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር፣ የብረት ድጋፍ ሳይገባ፣ ማንም ቢያዛችሁ አትግቡ። የፍሬን አቧራ በአየር አትንፉ፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በተዘጋ ክፍል ሞተር አታስነሱ።

የኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ ሥራችንን ያጠፋዋል የሚለውን ስጋት እሰማለሁ። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና ማርሚታ እውነትም ይቀራሉ፤ ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት ስለሚቀንስ የፍሬን ሸራም ብዙ ይቆያል። ጎማው፣ የእግር ክፍሎቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ግን አሉ። ብዙዎቹ ወደ 400 ቮልት፣ አንዳንዶቹም 800 ቮልት ይዘው ስለሚሄዱ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ኬብሎች ሥልጠና ሳይወስድ የሚነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሥልጠናውን የወሰደ ደግሞ ለጊዜው ተፎካካሪው ጥቂት ነው።

ለሥራ የምትገቡበትን ጋራዥ ስትመርጡ የሚከፍሏችሁን ብቻ አትጠይቁ። ምርመራውን ማን እንደሚሠራና አጠገቡ መቆም ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ሥዕል የሚያገኙት ከየት ነው? የተመለሰ መኪና ሲኖር ባለቤቱ ምን ያደርጋል፣ ይጮኻል ወይስ ምክንያቱን ይፈልጋል? አንድ ቀን አብራችኋቸው ዋሉና መሣሪያዎቹ ማታ ወዴት እንደሚመለሱ እዩ።