መልስ፦ የአውሮፓው የባትሪ ሕግ እዚህ ደብረ ብርሃን ይጠቅመናል ወይ?

ወንድሜ፣ አሁን የያዝከውን ስልክ ያበጠ ባትሪ ሕጉ አያወጣልህም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሥራ ላይ የሚውለው ከየካቲት 11 ቀን 2019 ጀምሮ እዚያ ገበያ ለሚገባ ዕቃ ነው፤ ባትሪው ያለ ሙቀትና ያለ ኬሚካል በተራ መፍቻ መውጣት አለበት፤ መለዋወጫውም ቢያንስ ለ5 ዓመት መገኘት አለበት። ለስማርት ስልክ ግን ማምለጫ አለ (ሰፊ ነው!)፤ ከ1000 ዙር ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅም ከያዘና ውኃ ካላስገባ፣ በባለሙያ ብቻ የሚፈታ ሆኖ ሊሠራ ይችላል።

ያንተን ስልክ ለመፍታት ቻርጁን ከ25 በመቶ በታች አውርደህ አጥፋው። በብርዳችን ሙጫው ስለሚደርቅ የጀርባ ክዳኑን ጠርዝ በፕላስቲክ ካርድ ቀስ ብለህ ክፈት። ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀል። ያበጠውን ባትሪ ግን አታሙቀው፣ በብረትም አትፈልቅቀው፤ ከተበሳ ይነድዳል።