ብርዱን ሳታዩ ብርዱን አትሳሉ

ሰሞኑን አንዲት የሥዕል ተማሪ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ የክረምት ሥዕሎችን አይታ «ጋሼ፣ ሆላንድ ያኔ እውነት እንዲህ ይበርድ ነበር? ወይስ ሠዓሊዎቹ አጋነኑት?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

ጥር 1997 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ተማሪ ነበርኩ። ቦዮቹ በረዶ ሠርተው ሰው ይሄድባቸዋል። ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ በአገሪቱ ሰሜን ያለው የፍሪስላንድ አውራጃ ሰው ነበሩ። ከእንጨት የተሠራ የድሮ የበረዶ መንሸራተቻቸውን ከግድግዳ አውርደው ብረቱን ዘይት ይቀቡታል። በአገራቸው አሥራ አንድ ከተሞችን የሚያዞረው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የበረዶ መንሸራተት ውድድር ሊካሄድ ነው። በረዶው መንገዱን ሙሉ 15 ሴንቲ ሜትር ካልወፈረ አይፈቀድም። «ና ልጄ፣ አብረን እንየው» አሉኝ። እኔ ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ ስለ ሄንድሪክ አቨርካምፕ የክረምት ሥዕሎች የማቀርበው ጽሑፍ ነበረብኝ። ቀረሁ። በማግስቱ ጉንጫቸው በብርድ ቀልቶ መጡ። በረዶው ከሥር ሲሰነጠቅ እንደ ነጎድጓድ ያጓራል አሉኝ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። ውድድሩም ከዚያ ወዲህ አልተካሄደም፤ ያን ያህል በረዶ ጠፋ። ሽማግሌውም አርፈዋል።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ብርዱ እውነት ነበር። የ1564–65 ክረምት እጅግ የከፋ ነበር፤ ከሆላንድ ደቡብ ያለው የብራባንት ሠዓሊ ፒተር ብሩገል በበረዶ ውስጥ የሚመለሱትን አዳኞች የሣለው በ1565 ነው። የ1607–08ም ከባድ ነበር። አቨርካምፕ በዚያው ሰሞን የሣለው ሥዕል አምስተርዳም፣ ራይክስሙዚየም አለ። ሁሉም የሚያየው ተንሸራታቾቹን ነው። እናንተ የታችኛውን ግራ ጥግ እዩ፦ አሮጌ በር በዱላ ተደግፎ የወፍ ወጥመድ ሆኗል፤ እዚያው ውሻና ቁራ የሞተ እንስሳ ይበላሉ። ክረምቱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ግን አቨርካምፕ ክረምቱ ለዘብ ባለባቸው ዓመታትም በረዶ ይሥል ነበር። ውጭ የነደፈውን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ ያቀናብራል፤ ሥዕሉን የሚገዛውም ነበረ። ስለዚህ ሥዕል ቴርሞሜትር አይደለም። ለአየሩ የሚሻለው ምስክር የጀልባ መዝገብ ነው። ፈረስ የሚጎትታቸው ጀልባዎች በበረዶ ምክንያት የቆሙባቸውን ቀናት ቆጥረው ሳይንቲስቶች ከ1634 ወዲህ ያለውን የክረምት ሙቀት ገምተዋል።

የዘንድሮ ወጣት ስልኩ ላይ አንዴ አይቶ «ገባኝ» ማለት ይወዳል። አይዋጥልኝም። እርግጥ ያን ጥግ ስልክ ላይ አጉልቶ ማየት ሙዚየም ውስጥ በሰው ትከሻ ላይ ከማንጋጠጥ ይሻላል።

አንቺ ጠያቂዬ ደግሞ፣ ሌላው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ አርት ቫን ደር ኔር ከሣላቸው የክረምት ሥዕሎች ዓመት የተጻፈባቸውን ለይተሽ ከጀልባው መዝገብ ጋር አስተያዪ። ያገኘሽውን አምጪና አብረን እንየው።