«ዊልቸር ይያዝልን» ብቻ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ፦ ስለ አውሮፕላን መሳፈሪያ እርዳታ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ መራመድ የሚቸግራቸውን መንገደኞች በሚያሳፍረው ክፍል ሠርቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፤ ጎረፈልኝ። እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እናታችን ቤት ውስጥ ደህና ትንቀሳቀሳለች። ረጅም መንገድ ግን ጉልበቷ አይችልም። አካል ጉዳተኛ ሳትሆን ዊልቸር ብንጠይቅ ነውር ነው? የሐኪም ወረቀትስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ምን ነውር አለው! ለተለመደው የዊልቸር እርዳታ ወረቀት አያስፈልግም። ወረቀት የሚመጣው ሌላ ነገር ሲጨመር ነው። በረራ ላይ ኦክስጅን የሚፈልግ፣ ተኝቶ የሚጓዝ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከሆነ አየር መንገዱ በሐኪም የሚሞላ ፎርም ይሰጣል።

ዋናው ነገር አጠያየቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው ደውሎ «ዊልቸር ይያዝልን» ይልና ይዘጋል። የአየር መንገዶች ሲስተም ግን ሦስት ዓይነት ተሳፋሪ ነው የሚለየው። «ደብሊው ሲ ኤች አር» ማለት ደረጃ ይወጣል፣ ካቢን ውስጥም ይራመዳል፣ የሚከብደው ርቀቱ ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ» ደረጃ አይችልም፣ ካቢን ውስጥ ግን እስከ ወንበሩ ይሄዳል። «ደብሊው ሲ ኤች ሲ» ጭራሽ መራመድ አይችልም፤ መቀመጫው ድረስ ሰው ነው የሚያደርሰው።

የመጨረሻዋ ፊደል ቀልድ አይደለችም። አውሮፕላኑ ከሕንፃው ርቆ ከቆመ መሳፈሪያው ደረጃ ይሆናል። «አር» ተብሎ ለተመዘገበ ሰው አምቡሊፍት፣ ማለትም ተሳፋሪን እስከ አውሮፕላኑ በር ከፍ የሚያደርገው መኪና፣ አይያዝለትም። ሴትየዋ ደረጃው ሥር ደርሰው «አልችልም» ሲሉ ነው መኪና ፍለጋ የሚጀመረው። ያ መኪና ደግሞ ያን ሰዓት ሌላ አውሮፕላን ጋ ነው። ስለዚህ ደረጃ ትወጣለች ወይ የሚለውን ራሳችሁ አይታችሁ ወስኑ። እናቶች ሲጠየቁ «ኧረ እችላለሁ» ነው የሚሉት። እሱን አትመኑ!

ጥያቄ፦ ከስንት ቀን በፊት ነው የሚያዘው?

መልስ፦ ትኬቱ ሲቆረጥ አብሮ ቢያዝ ይመረጣል። ቢዘገይ ግን ከ48 ሰዓት በፊት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2006 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለተራው የዊልቸር እርዳታ ቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ አይደለም፤ 48 ሰዓት ሊጠየቅ የሚችለው ለአንዳንድ ለየት ላሉ ነገሮች ነው። ረስታችሁ ከሆነም ቼክ ኢን ላይ ጠይቁ። ትጠብቁ ይሆናል እንጂ ተነሱ የሚላችሁ የለም።

ጥያቄ፦ ትኬት የሸጠልን ወኪል «አስገብቼዋለሁ፣ አታስቡ» ብሎናል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የቦታ ማስያዣ ቁጥሩን ይዛችሁ አየር መንገዱ ጋ ደውሉ። «ተጠይቋል» እና «ተረጋግጧል» ይለያያሉ፤ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ትራንዚት ካለ ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ ጠይቁ። አንድ አየር መንገድ ትኬት ሸጦ ሌላው የሚያበር ከሆነ፣ የሚያበረው ያውቃል ወይ በሉ። የበረራ ቀን ከተቀየረ ደግሞ እርዳታው አብሮ ላይዛወር ይችላል። እንደገና ደውሉ።

ጥያቄ፦ ይከፈልበታል?

መልስ፦ አይከፈልበትም። በአውሮፓም በአሜሪካም በሕግ ነፃ ነው። ዊልቸሩን የሚገፋው ሠራተኛም ገንዘብ ሊጠይቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ የራሴ ኤሌክትሪክ ዊልቸር አለኝ። ባትሪው ያሳስበኛል።

መልስ፦ ማሰብህ ልክ ነው፤ ጌት ላይ ብዙ ክርክር የሚነሳው በባትሪ ነው። ሊቲየም ሆኖ የሚነቀል ከሆነ ከ300 ዋት አወር መብለጥ የለበትም። ሁለት ባትሪ ካለው እያንዳንዱ እስከ 160 ነው። ዋት አወሩን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር አወር አባዛው፤ 24 ቮልት በ12 ሲባዛ 288 ነው፣ ያልፋል። የተነቀለው ባትሪ ካርጎ አይገባም፣ ከአንተ ጋር ካቢን ውስጥ ይጓዛል። ባትሪው የማይነቀል ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፤ ዓይነቱን ቀድመህ ለአየር መንገዱ ንገር። ክብደቱንና ቁመቱንም ጨምር፤ የትናንሽ አውሮፕላኖች የካርጎ በር ዝቅ ያለ ነው።

ፍሬኑ እንዴት እንደሚለቀቅ በትልቁ ጽፈህ ወንበሩ ላይ ለጥፍ። ጫኞቹ አያውቁትም፤ ያላወቁትን ይጎትቱታል። ትራሱን፣ የእግር ማስቀመጫውንና የሚነቀል ነገር ሁሉ ይዘህ ግባ። ከማስረከብህ በፊት በሁሉም በኩል ፎቶ አንሳው። «አውሮፕላኑ በር ላይ ይመለስ» የሚል መለያ እንዲደረግበትም ጠይቅ፤ አለዚያ ከሻንጣ ጋር ይመጣልሃል።

ጥያቄ፦ ቢሰበርስ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ፣ ቁጥር ተቀበሉ። የሞንትሪያል ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ውል ለተበላሸ ሻንጣ፣ ዊልቸርን ጨምሮ፣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስገድዳል። ካሳው ጣሪያ አለው፦ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር፣ ማለትም የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባወጣው የገንዘብ መለኪያ። ይህ ለውድ ወንበር ምንም አይደለም፣ እውነት ለመናገር ያናድዳል። ቼክ ኢን ላይ የዕቃውን ዋጋ በልዩ መግለጫ ማስመዝገብ ግን ይቻላል፤ ጣሪያውን እስካስመዘገባችሁት ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፣ ሊያስከፍል ቢችልም።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤት ነገር አስጨንቆኛል። እግሬን ጭራሽ አላዝም።

መልስ፦ ብዙዎች ስለዚህ ጉዳይ ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ አንቺ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ረጅም በረራ በሚሠሩ ትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ መተላለፊያው ውስጥ የምትገባ ጠባብ ዊልቸር አለች። በዚህኛው በረራ ላይ መኖሯን ስታስይዢ ጠይቂ። ሆስተሶቹ እስከ በሩ ያደርሱሻል፤ ውስጥ ገብቶ መርዳት ግን ሥራቸው አይደለም። ያ የሚያስፈልግሽ ከሆነ አጃቢ ያስፈልግሻል። የመተላለፊያ ዳር ወንበር፣ የእጅ መደገፊያው የሚነሳ ይሁን። መውጫ በር አጠገብ ያለው ረድፍ አይሰጥሽም፣ አትድከሚ።

ጥያቄ፦ አባቴ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት፣ ቋንቋም አያውቁም።

መልስ፦ ከዊልቸሩ ጋር «ተቀብሎ የሚያደርስ ሰው» የሚል እርዳታ አለ፤ እሱንም አስይዙላቸው። መድኃኒታቸው ሻንጣ ውስጥ አይግባ። የበረራ ቁጥሮችንና የሚቀበላቸውን ሰው ስልክ በትልቁ ጽፋችሁ ኪሳቸው ክተቱ። ሲያርፉ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ይቀመጡ፤ ዊልቸሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ትራንዚት ላይ ገፊው አንድ ቦታ አስቀምጧቸው ቢሄድ ከዚያ ፈቀቅ አይበሉ። ቡና ፍለጋ ተነስተው ሲጠፉ ነው በረራ የሚያመልጠው። የትራንዚቱን ሰዓትም ሰፋ አድርጉላቸው፤ አንድ ሰዓት ለእሳቸው ጠባብ ነው።

ጥያቄ፦ ጌት ላይ «ያለ አጃቢ አንሳፍርህም» ቢሉኝስ?

መልስ፦ በአደጋ ጊዜ ራስህን ለማውጣት ማገዝ ካልቻልክ ወይም የደኅንነት ማስታወቂያውን መረዳት ካልቻልክ አጃቢ ሊጠይቁ ይችላሉ። ዊልቸር ላይ ስለተቀመጥክ ብቻ ግን አይደለም። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ በሚበር በረራ ላይ ከሆንክ «ኮምፕሌይንት ሪዞሉሽን ኦፊሻል»፣ ማለትም የአየር መንገዱ አቤቱታ ፈቺ ኃላፊ፣ ይጠራልኝ በል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የአሜሪካ ሕግ ሥር ባሉት ደንቦች መሠረት አየር መንገዱ በአካል ወይም በስልክ ከእሱ ጋር ሊያገናኝህ ግዴታ አለበት፤ ኃላፊው የጌት ሠራተኛውን ውሳኔ የመሻር ሥልጣንም አለው። ታዲያ ቀደም ብለህ ድረስ፤ በሩ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚነሳ ክርክር አውሮፕላኑ ላይ አያወጣህም።