ጉልበት፣ ኃይል ወይስ ሲሲ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ የመኪናውን ኃይል ጋራዥ ሳይወስዳት «ራሴ ለካሁት» ይላል። እኔ «ጉልበት» ነው የሚባለው እላለሁ። ጎረቤታችን ደግሞ «1300 ሲሲ ጉልበት አላት» ይላሉ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ተሳስተዋል። ሲሲ የይዘት መለኪያ ነው፤ ፒስተኖቹ ሲመላለሱ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚያካልሉት ቦታ ስንት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይነግረናል። ሁለት ሞተሮች እኩል 1300 ሲሲ ሆነው አንዱ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ) ካለው ጉልበታቸው በእጅጉ ይለያያል። ስለዚህ «ሞተሯ 1300 ሲሲ ነው» ማለት ይበቃል። «1300 ሲሲ ጉልበት» ግን «ቁመቱ 60 ኪሎ ነው» እንደ ማለት ነው።

እርስዎና ወንድምዎ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጀምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ከፈረስ ጋር ያነጻጸረበትን መለኪያ አማርኛ «የፈረስ ጉልበት» ብሎ አጽንቶታል፤ «የፈረስ ኃይል» እያሉ ማረም አያስፈልግም። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው። በኪሎ ዋት ስንናገር ግን «ኃይል» ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም የሚነገረው በዚያው መለኪያ ነውና።

እኔን የሚያሳስበኝ «ለካሁት» የሚለው ግሥ ነው። በቤት የሚሠራበት መንገድ የታወቀ ነው፦ ከነተሳፋሪዎቿ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሜዳማ መንገድ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ6 ሰከንድ ብትደርስ፣ ስሌቱ 37 ኪሎ ዋት ወይም 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ሰዓቱን መያዝ ያለበት ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ታዲያ ወንድምዎ የለካው ሰከንዱን ብቻ ነው፤ ኃይሉን ያገኘው በስሌት ነው። ያገኘውም አማካዩን እንጂ የሞተሩን ጣሪያ አይደለም፤ ነፋሱ፣ የጎማው ሰበቃና ካምቢዮው የሚበሉትም በስሌቱ ውስጥ አልገባም። አዲስ አበባ ላይ ከሆነ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

ስለዚህ ወንድምዎ «አሰላሁት» ወይም «ገመትሁት» ይበል። «አስለካሁት» የሚለውን መኪናውን በዳይናሞሜትር፣ ማለትም በጉልበት መለኪያ መሣሪያ፣ ላይ ላስፈተሸ ሰው ይተውለት።