የአየር ነውጥን በቅንጣት መከተል፦ ጥያቄና መልስ

መሬት አጠገብ የተለቀቀ ጋዝ በነፋስ እንዴት እንደሚበተን በኮምፒውተር ለሚከተሉ። ጋዙ ከነፋሱ ጋር በሚሄዱ ብዙ ምናባዊ ቅንጣቶች ይወከላል። ቁጥሮቹ መሬቱ አየሩን በማያሞቅበትና በማያቀዘቅዝበት ሰዓት፣ የሰበቃ ፍጥነት (ነፋሱ መሬቱን ምን ያህል እንደሚጎትት የሚገልጽ ፍጥነት) 0.3 ሜትር በሰከንድ ሲሆን የሚሠሩ ናቸው።

ጥ፦ አየሩን ራሱን ለምን አናሰላውም?
መ፦ በነውጡ (በአየሩ ሥርዓት የለሽ እንቅስቃሴ) ውስጥ ትንሿ ሽክርክሪት ሚሊሜትር ገደማ ናት። አንድ ሜትር ኪዩብ ብቻ አንድ ቢሊዮን ሳጥን ይፈልጋል።

ጥ፦ በየእርምጃው የሚሰላው ምንድን ነው?
መ፦ የላንዠቨን ቀመር፣ ማለትም የቅንጣቷን አዲስ ፍጥነት ከድሮው ፍጥነቷና ከዘፈቀደ ግፊት የሚያሰላ ቀመር። ቅንጣቷ የቁም ፍጥነቷን ቀስ በቀስ ትረሳለች፤ በ2 ሜትር ከፍታ ላይ የመርሻ ጊዜዋ 2.8 ሰከንድ ያህል ነው። እርምጃውን የዚህን አንድ አሥረኛ፣ 0.28 ሰከንድ አድርጉት። ከዚያ የድሮውን ፍጥነት በ0.9 አባዙ፤ የፍጥነቱን መደበኛ ልዩነት (0.375 ሜትር በሰከንድ) በ0.44 እና በአንድ የጋውስ ዘፈቀደ ቁጥር (አማካዩ 0፣ መደበኛ ልዩነቱ 1 የሆነ) አባዝታችሁ ደምሩበት። የመርሻ ጊዜው ከከፍታ ጋር ስለሚያድግ 2 ሴንቲሜትር ላይ እርምጃው ወደ 0.003 ሰከንድ ይወርዳል። ኮዱ የሚንቀረፈፈው እዚያ ነው፤ ለማፍጠን ብሎ እርምጃውን ማስረዘም ግን ውጤቱን ያበላሻል።

ጥ፦ በሰብል ውስጥ ስሞክረው ቅንጣቶቹ ታች ይከመሩብኛል።
መ፦ የታወቀ ስህተት ነው። በሰብል ውስጥ ነውጡ ወደ መሬት ሲወርድ ይደክማል፤ ቅንጣት ወደ ደካማው አየር በቀላሉ ትገባለች፣ ለመውጣት ግን ጉልበት ያንሳታል። ተመራማሪው ቶምሰን በ1987 ያሳየው ማረሚያ በየእርምጃው ፍጥነቷ ላይ ይጨመር፦ የፍጥነቱ ቫርያንስ (የመደበኛ ልዩነቱ ካሬ) በከፍታ የሚለወጥበት መጠን ግማሽ፣ ሲባዛ (አንድ ሲደመር፣ የፍጥነቷ ካሬ ለቫርያንሱ ተካፍሎ የሚገኘው)፣ ሲባዛ የእርምጃው ጊዜ። መሬት ስትነካም ከፍታዋን ብቻ ሳይሆን የቁም ፍጥነቷንም ምልክት ገልብጡ፤ አለዚያ ተመልሳ ትወርዳለች።

ጥ፦ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?
መ፦ ላይም ታችም ዝጉና 10,000 ቅንጣት እኩል በትኑ። በ20 ንብርብር ሲከፈል እያንዳንዱ ውስጥ 500 ገደማ መቆየት አለበት፤ የ20 ወይም የ30 ልዩነት የዕድል ነው፣ ታችኛው 600 ከደረሰ ግን ኮዱ ስህተት አለበት። ይህን ካለፈ በ1956 ኔብራስካ ውስጥ ከተደረገው የፕሬሪ ግራስ ሙከራ ጋር አወዳድሩት፦ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከ46 ሴንቲሜትር ከፍታ ተለቆ ከ50 እስከ 800 ሜትር ርቀት ተለክቷል።

ጥ፦ ስንት ቅንጣት ይበቃል?
መ፦ አንድ መለኪያ ሳጥን ውስጥ 100 ከገባ ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ 1 በመቶ ከፈለጋችሁ 10,000።